የጋሽ ጀማሉዲን የሐሙስ ሚዛን

ጋሽ ጀማሉዲንን መጀመሪያ ያወቅኋቸው በድምፃቸው ነው። የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤትና የእሳቸው የውዳቂ ብረት ግቢ የሚለያዩት በአንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ እኔ ወዲህ ወረቀት አባዛለሁ፣ እሳቸው ወዲያ የተሰበረ ሞተር ይፈታሉ። ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከትምህርት ቤቱ ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ ላይ፣ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረናል። አጥሩ ስስ ስለሆነ የሚናገሩትን ሁሉ እሰማለሁ። እሳቸውም የእኔን ይሰማሉ። አንዳንድ ጠዋት ገና ሰላም ሳንባባል፣ «ሪሀና፣ ማሽንሽ ዛሬ ጤና የለውም» ይሉኛል፤ እውነትም ቀትር ሳይደርስ ወረቀት መንከስ ይጀምራል።

የባቲ ሰው ናቸው። አባታቸው በሰኞ ገበያ የከብት ደላላ ስለነበሩ ጋሽ ጀማሉዲን ስድስተኛ ክፍልን ጨርሰው ደብተራቸውን አስቀመጡና ከአባታቸው ጋር ገበያ ዋሉ። ፍየሏን ከደረቷ ሥር አቅፈው ብድግ ያደርጉና ኪሎዋን ይናገሩ ነበር አሉ። ይኼን የነገረችኝ ባለቤታቸው ሀፊዛ ናት፤ እሳቸው ስለራሳቸው ብዙ አያወሩም። ኋላ ባሕር ተሻግሬ ሳውዲ እገባለሁ ብለው በጅግጅጋ በኩል ወጡ። ሐርጌሳ ሲደርሱ ወባ ጣላቸው። ያስታመማቸው ሰው የብረት ነጋዴ ነበር፤ ሲድኑ ውለታውን ለመመለስ ብረቱን ማንሣት ጀመሩ፤ ባሕሩም በዚያው ቀረ። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ሀፊዛ ከአምስት ዓመት በኋላ መጥታ ተቀላቀለቻቸው። ዳሚ በሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት አላቸው። እሷ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ልብስ ትሰፋለች። ልጅ አላህ አልሰጣቸውም።

ከንብረታቸው ሁሉ የሚሳሱለት ሚዛናቸው ነው። ሰዓት የሚመስል ክብ ፊት ያለው፣ ከግቢው መሀል ካለው የብረት ምሰሶ ላይ የሚንጠለጠል፣ በየሁለት መቶ ግራሙ መስመር የተሰመረለት ሚዛን ነው። ጠዋት ጠዋት ከአሮጌ ሚዛን የተረፈች አምስት ኪሎ ብረት ያንጠለጥሉበትና መርፌው አምስት ላይ በትክክል መቆሙን ያያሉ። ካልቆመ ያቺን ትንሽ ብሎን እስኪያስተካክሉ ድረስ ግቢው አይከፈትም፤ ደንበኛው ደጅ ላይ ቢያጉረመርምም አይሰሙትም።

አንድ ቀን መምህርት ሲራድ መጣች። ሲራድ ድሬዳዋ ያደገች፣ ሐረማያ እርሻ የተማረች ሴት ናት፤ ወላጆቿ ወደ ሐርጌሳ ሲመለሱ አብራ ተመልሳ እዚሁ ሰፈር ሳይንስ ታስተምራለች። የድሬ ልጅ ስለሆነች ትልቅ ትንሽ ሳትል ሰውን ሁሉ «አንተ» ነው የምትለው። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ቁጭ ብዬ ስሰማ፣

«ጀማል፣ ሚዛንህን ለሐሙስ ከሰዓት አውሰኝ» አለቻቸው።

«ሚዛን አይዋስም።»

«ለልጆች ነው፤ ለትምህርት።»

«ለልጆችም አይዋስም። መኪና ላይ የተንገጫገጨ ሚዛን ከዚያ በኋላ አይታመንም። ምን ልትመዝኚ ነው?»

«ፍየል።»

መፍቻው ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ስንት ፍየል?»

«አሥራ አንድ ግልገል። የቀሩት ልጆች ዶሮና ቲማቲም ነው የያዙት።»

«እንግዲያው ሚዛኑ አይሄድም» አሉ ጋሽ ጀማሉዲን። «ፍየሎቹ ይምጡ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲራድ እርሻን በጥቁር ሰሌዳ ማስተማር ሰልችቷት ነበር። ሃያ ሁለት ተማሪዎች ከክፍል ውጭ፣ በየቤታቸው፣ አንድ አንድ ፕሮጀክት እንዲይዙ አደረገች። ፍየል ያለው ፍየል፣ ዶሮ ያለው ዶሮ፣ ምንም የሌለው በተቆረጠ ጀሪካን ቲማቲም። እያንዳንዱ ልጅ ሪከርድ ቡክ አለው፦ ምን አበላሁ፣ ምን ያህል ተረፈ፣ ውሃ ስንት ጠጣች፣ ታማለች ወይ፣ ስንት ሰዓት ሠራሁ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ክብደቷ ስንት ሆነ። ቅጹን ያባዛሁት እኔ ነኝ። ከገጹ ግርጌ «ያየ ትልቅ ሰው ፊርማ» የሚል ቦታ አለ።

የመጀመሪያውን ሐሙስ አልረሳውም። ከዐስር ሶላት በኋላ መንገዱ በፍየል ጩኸት ተሞላ። አንዱ በጋሪ፣ አንዷ የግልገሏን ጭንቅላት ብቻ ከትምህርት ቤት ቦርሳዋ አስወጥታ፣ ሁለት እህትማማቾች ግልገሏን እንደ ሕፃን ጠቅልለው በሚኒባስ ይዘው መጡ። ጋሽ ጀማሉዲን ከዱቄት ጆንያ አራት የእግር ቀዳዳ ያለው ማንጠልጠያ ሰፍተው ጠበቋቸው። በእርግጥ የሰፋችው ሀፊዛ ናት።

የመጀመሪያው ልጅ ቁጥሩን አይቶ ሊጽፍ ሲል እጁን ያዙት። ሶማሊኛቸው የብረት ሶማሊኛ ነው፤ ቁጥርና ክርክር እንጂ ሌላ ብዙ ቃል የለበትም።

«ጆንያው» አሉት። «ጆንያው አራት መቶ ግራም ነው። ፍየልህ ጆንያ አይደለም። ቀንስ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ «ቀንስ!» የሐሙስ መፈክር ሆነ፤ ልጆቹ መንገድ ላይ ሲያገኟቸው እንኳ እየሳቁ «አዴር፣ ቀንስ!» ይሏቸዋል። አዴር እዚህ አገር የአባት ወንድም ማለት ነው፤ ልጆች የሚያከብሩትን ሰው የሚጠሩበት ነው። እሳቸውም የቀልድ ቁጣ ይቆጣሉ። አንድ ልጅ «ሰባት ተኩል ልበለው፣ ትንሽ ነው የቀረው» ሲላቸው፣ «ትንሽ ከቀረው አልደረሰም» ብለው ሰባት ኪሎ ከአራት መቶ አስጻፉት። ፊርማ ላይ ግን አስቸገሩ። «ያየ ትልቅ ሰው ይላል፤ እኔ ያየሁት ሚዛኑን እንጂ ማብላቱን አይደለም» ብለው በፊርማው አጠገብ «ክብደቱን ብቻ» ብለው ይጨምሩ ነበር። ሲራድ በሳቅ ፈረሰች።

ዋል አደር ሲሉ የቆርቆሮውን አጥር በወዲያ በኩል በጠመኔ ሠንጠረዥ አሰመሩበት። ደብተር ይጠፋል፣ ደብተር ውሃ ይነካዋል ብለው የአሥራ አንዱን ግልገል ክብደት በየሳምንቱ እዚያ ይገለብጣሉ። ቀስ በቀስ ደረጃም ማውጣት ጀመሩ። ሁልጊዜ አንደኛ የምትወጣው የሱማያ ግልገል ነበረች።

ሱማያ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ጅግጅጋ ስለሆነች ዳሚ ከአክስቷ ከኢስታሂል ጋር ነው የምትኖረው። አራተኛ ክፍል ድረስ ጅግጅጋ በመማሯ አማርኛ ታነባለች፣ ትጽፋለችም፤ ስለዚህ ከጋሽ ጀማሉዲን ጋር ሌሎቹ ልጆች የማያወሩትን ያወራሉ። ግልገሏ ነጭ ናት፤ አንድ ጆሮዋ ብቻ ቡናማ ነው። ስሟ ሶንኮር ነው፣ ስኳር ማለት። ስትጀምር ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ ነበረች። በየሐሙሱ ትጨምራለች፤ ጋሽ ጀማሉዲንም ግቢውን በሙሉ በሚያደነቁር ድምፅ «ሶንኮር አንደኛ!» ይላሉ። ሱማያ አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። ማታ ቤት ሲገቡ ለሀፊዛ የሚያወሩት ይኸንኑ ነው። ሀፊዛ አንድ ቀን፣ «አንተ ሰውዬ፣ ስለ እኔ እንዲህ አውርተህ ታውቃለህ?» ብላቸው፣ «አንቺን መቼ መዘንኩሽና» አሏት አሉ።

በአሥራ ሁለተኛው ሐሙስ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ሶንኮር ተንጠለጠለች። ጆንያው ተቀነሰ። አሥራ አራት ኪሎ ከስድስት መቶ። ሌሎቹ ገና አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ላይ ናቸው። በዚያን ሰሞን ሲራድ የትርኢት ቀን አዘጋጅታ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንግዶች መጥተው የተማሪዎቹን ሥራ ሊያዩ ነው። ሱማያ የምትለብሰውን ሁሉ መርጣ ጨርሳለች። ጋሽ ጀማሉዲን ግን ጠመኔውን አላነሱም። ፍየሏን ከጆንያው አውጥተው ከደረቷ ሥር አቀፏትና እንደ ድሮው ብድግ አደረጓት። መልሰው አስቀመጧት። ጣታቸውን በጀርባዋ ላይ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ አስኬዱት።

«ሱማያ፣ ማስታወሻው ላይ ‹ከስታለች› ብለሽ ጻፊ።»

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። «አዴር፣ አሁን እኮ አሥራ አራት ከስድስት አሉ። ካለፈው ሐሙስ ስድስት መቶ ጨምራለች።»

«ሚዛኑ ጨምሯል። ፍየሏ ከስታለች። ጀርባዋን ዳስሺው፤ መጋዝ ሆኗል። ሆዷን እዪው፣ በግራ በኩል ተወጥሯል።»

«ጠግባ ነዋ!»

«ጠግባ አይደለም፣ ልጄ።»

ሌሎቹ ልጆች ከበቡ። አማርኛው ባይገባቸውም የሁለቱ ፊት ገብቷቸዋል። ሱማያ ደብተሯን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ «እጃችሁን አትመኑ፣ ዓይናችሁን አትመኑ፣ ሚዛን እመኑ ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ? አሁን እኔ ላይ ሲደርስ ነው እጅ የሚታመነው?» አለች። ደብተሩን እዚያው አሮጌ ሞተር ላይ ጥላ፣ ሶንኮርን አቅፋ እያለቀሰች ወጣች።

ጋሽ ጀማሉዲን የቀሩትን ልጆች መዝነው ሸኙ። ከዚያ ደብተሩን ይዘው ወደ እኔ ዞረው መጡ። በሱቄ በር ሲገቡ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር፤ ሁልጊዜ በአጥሩ ላይ ነው የምናወራው።

«ሪሀና፣ ልጅቷን በሰው ፊት ዋሾ አደረግኳት።»

«እንደዚያ አላሏትም እኮ።»

«ባልልም እንደዚያ ነው የገባት። በየሳምንቱ አንደኛ፣ አንደኛ እያልኩ የጮህኩት ደግሞ እኔው። እስቲ አንብቢልኝ። የሶማሊኛ ጽሕፈት ዓይኔን ያጭበረብረዋል።»

አነበብኩላቸው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት «የተረፈ» በሚለው ሣጥን ሥር የተጻፈው «የለም፣ ጨምሪኝ ብላ ጮኸች» ነው። በስድስተኛው ሳምንት ጥቂት ተርፏል። በዘጠነኛው ግማሹን ትታለች። በአሥራ አንደኛው ከግማሽ በላይ። ውሃው ያው ነው። በየቀኑ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ቦታ ላይ ደግሞ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ አንድ ዓይነት ቃል ነው ያለው፦ «ከሰፈር ፍየሎች ጋር ትውላለች።»

«ይኼን ሁሉ ራሷ ናት የጻፈችው?»

«በገዛ እጇ።»

«አንድም አልደበቀችም ማለት ነው» አሉና ደብተሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። «የጻፈችውን መለስ ብላ አላነበበችውም እንጂ።»

ሲራድን ደወልኩላት። መጥታ ገጾቹን አገላበጠች። «አትበላም፣ ግን ትከብዳለች» አለች። «እርጉዝ እንዳትባል ገና ግልገል ናት። እኛ የማናየው ሌላ የምትበላው ነገር አለ።»

«ምን?»

«እሱን ማን አየ? በዚያ ሰዓት ሱማያ ክፍል ውስጥ፣ እኔ ፊት ነው የተቀመጠችው።»

«ቅዳሜ እኔ ከፍየሏ ጋር እውላለሁ» አሉ ጋሽ ጀማሉዲን።

ሲራድ የቀለዱ መስሏት አየቻቸው። አልቀለዱም። ጽሕፈት ላይ እጃቸው ስለሚዘገይ እኔ ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ባይጠሩኝም እሄድ ነበር።

ቅዳሜ እዚህ አገር የትምህርት ቀን ነው፤ ዕረፍቱ ዓርብ ነው። ማለዳ ኢስታሂል በሯን ስትከፍት ሁለታችንን ደጅ ላይ ቆመን አገኘችን። ምን እንደፈለግን ስንነግራት፣ «ፍየል ልትጠብቁ? ሁለት ሰው?» ብላ እንደ መሳቅ አለችና ሶንኮርን ለቀቀቻት። ተከተልናት። ዳሚን ለሚያውቅ ሰው መንገዱ ግልጽ ነው፤ ቆርቆሮና ጨርቅ ቤቶች፣ በመካከላቸው የተጣለ ሁሉ የሚከማችበት ደረቅ ቦይ። ፍየሎቹ ተሰብስበው ወደዚያ ወረዱ። ጋሽ ጀማሉዲን አምስት እርምጃ ርቀው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እንደ ትልቅ ባለሥልጣን ቀስ እያሉ ይከተላሉ፤ እኔ እጽፋለሁ።

«አንድ ሰዓት ከአርባ። የካርቶን ቁራጭ። ግማሹን ተወች። ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«ሁለት ከአምስት። የግራር ቅጠል፣ ሦስት አፍ። አበጀሽ፣ የኔ እመቤት።» ይኼን ያሉት ለፍየሏ ነው። «ይኼን አትጻፊው።»

ሁለት ከሩብ ላይ ሶንኮር ሰማያዊ ፌስታል አገኘች። ውስጡ የዳቦ ፍርፋሪ ነበረ። ፍርፋሪውን ልሳ የምትተወው መስሎኝ ነበር። አልተወችውም። ጎተተችው፣ አኘከችው፤ ቀስ እያለ፣ ጫፉ እየተውለበለበ፣ ገባ። ጋሽ ጀማሉዲን ሮጠው ሊነጥቋት ተነሡና መልሰው ቆሙ።

«ካልዋጠች አንጽፍም» አሉ በቀጭን ድምፅ። ወዲያው ግን አላስቻላቸውም፤ ሲሮጡ ፍየሏም ሮጠች፤ ቆሻሻው ውስጥ አንድ ዙር ዞሩ፤ ሲይዟት ፌስታሉ አልቋል።

ቦዩ ዳር ሻይ የምትሸጥ ራሕሞ የምትባል ሴት ነበረች። «ጀማል፣ ፍየሏ ሰርቃህ ነው?» አለቻቸው። የሚሆነውን ሲነግሯት እጇን አወራጨች። «የእኔዎቹስ ይበሉ የለም? ፍየል የማይበላው ምን አለ?»

«ሲበሉት አይተሻል፤ ሲያወጡት ግን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ራሕሞ ዞራ የራሷን ፍየሎች አየች።

እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አራት ፌስታል፣ አንድ የጆንያ ክርና አንድ የካርቶን ቁራጭ ጻፍኩ። ሣርና ቅጠል አንድ ላይ ተደምሮ ከሃያ አፍ አይበልጥም።

ሱማያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሯ ላይ ጠበቅናት። ጋሽ ጀማሉዲን ወረቀቱን ሰጧት። ቆማ አነበበችው፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ቀስ እያለች፤ አማርኛ ካነበበች ቆይታለች። መጨረሻ ላይ ደርሳ መልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ሰማያዊውን ዋጠችው ወይስ ተፋችው?»

«ዋጠችው፣ ልጄ።»

«በየቀኑ እንዲህ ነው?»

«የትናንቱን አላየሁም። ያየሁት የዛሬውን ነው።»

ልጅቷ ሶንኮር አጠገብ ተንበረከከችና ሐሙስ ዕለት እምቢ ያለችውን አደረገች፤ ጣቷን በጀርባዋ ላይ አስኬደች። ከዚያ፣ «ትሞታለች?» አለች።

«እሱን አብሺርን እንጠይቀዋለን። ኢንሻአላህ አትሞትም።»

አብሺር የእንስሳት ሐኪም ነው። ሆዷን ዳሰሰ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ «መክፈት ነው» አለ። ለሲራድ፣ «ተማሪዎችሽ ይምጡና ይዩ፤ እኔ ስማር እንዲህ ያለውን በሥዕል ነው ያየሁት» አላት። ማግስቱን ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ፣ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ፣ በግራ ጎኗ በኩል አደንዝዞ ከፈታት። ሱማያ የሶንኮርን ጭንቅላት ይዛ በጆሮዋ የሆነ ነገር እያንሾካሾከች ነበር። ሌሎቹ ልጆች ከበው ይጽፋሉ።

የገበያ ሰው የሆኑት፣ ስንት ፍየል ሲታረድ ያዩት ጋሽ ጀማሉዲን የት እንዳሉ ብፈልግ ውጭ ቆመው አገኘኋቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል።

«ምን አወጡ?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«ፌስታል።»

«ብዙ ነው?»

«እስካሁን እያወጣ ነው።»

«እያየችኝ ነው?»

«ማን፣ ሱማያ?»

«ፍየሏ።»

አብሺር ያወጣው አንድ ላይ የተቆላለፈ፣ የተጠማዘዘ፣ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ነገር ነበር። ፌስታል፣ ገመድ፣ ክር፣ ከመካከሉ የልጅ ጫማ ማሰሪያ። በባልዲ ወደ ብረት ግቢው መጣና ሚዛኑ ላይ ወጣ። እዚያ ላይ ክርክር ተነሣ፤ ልጆቹ እንዳለ ይመዘን አሉ፣ ጋሽ ጀማሉዲን ታጥቦ ደርቆ ካልሆነ ውሃውንም ፌስታል ብለን ልንጽፍ ነው አሉ። በመጨረሻ ሁለቱንም አደረጉ። እርጥቡ ሁለት ኪሎ ከአራት፣ ታጥቦ የደረቀው አንድ ኪሎ ከስምንት። ሱማያ ሁለቱንም ጻፈች፤ በማስታወሻው ቦታም ማንም ሳያዛት «ከስታለች» ብላ ጨመረች።

ሶንኮር አራት ቀን ጆሮዋን ጥላ ተኛች። ጋሽ ጀማሉዲን ማለዳ ከሱብሒ ሶላት መልስ በኢስታሂል ቤት በኩል ያልፋሉ፤ ማታም ያልፋሉ። ሀፊዛ «እኔ ታምሜ አንድ ቀን እንዲህ አልተመላለስክም» ብላ ታማርርና ወዲያው ለፍየሏ የተቀቀለ ገብስ በሳህን ትልካለች። በአምስተኛው ቀን ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ።

በቀጣዩ ሐሙስ ሱማያ አልመጣም ብላ ነበር። ጋሽ ጀማሉዲን መልእክት ላኩባት፦ «ቦታሽ ክፍት ነው፤ ሳይሞላ አልዘጋም።» መጣች። አሥራ ሁለት ኪሎ፤ ከአሥራ አንዱ ሁሉ ዝቅተኛው። ጋሽ ጀማሉዲን ቁጥሩን በጠመኔ ከጻፉ በኋላ እርጥብ ጨርቅ አንሥተው በአጥሩ ላይ ያለውን የደረጃ ረድፍ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አጠፉት። ልጆቹ «ለምን?» ሲሏቸው፣ «ስህተት ነበረበት» አሉ።

ሲራድ በዚያው ሳምንት ቅጹን ቀየረችው። «የት ዋለች? ማን አያት?» የሚል አዲስ ሣጥን ገባ። ልጆቹ በፈረቃ ሰፈራቸውን መዞር ሲጀምሩ ሌሎች ሁለት ግልገሎችም ጀርባቸው መጋዝ ሆኖ ተገኘ፤ እነሱ ላይ ግን ገና ነበር፣ ሳይከፈቱ ዳኑ። ጋሽ ጀማሉዲን ከግቢያቸው የብረት አልጋ እያወጡ፣ አራት አራቱን እያያያዙ፣ ለአሥራ አንዱም በረት ሠሩ። የአንዱ በረት የራስጌ በኩል አሁንም የወርቅ ቀለም አበባ አለበት። ያቺ ፍየል እንደ ሙሽራ ናት።

በትርኢቱ ቀን ያሸነፈው ኢስማዒል ነው፤ ሰው ፊት መናገር የሚያፍር ረጅም ልጅ፣ ባለ ስድስት ዶሮ፣ አንድም እንቁላል ሳይዘል የቆጠረ። እንግዶቹ ወፍራም ወፍራሞቹን ፍየሎች ፎቶ አነሱ፣ በሱማያ በኩል ፈጥነው አለፉ። ጋሽ ጀማሉዲን ይኼን ከሩቅ ያያሉ፤ ሸሚዛቸው ዘይት ነክቶታል ብለው ከበሩ አልፈው አልገቡም ነበር። ፊታቸው ጠቆረ። ትንሽ ቆይቶ ግን ራሕሞ፣ የቦዩ ዳር ሻይ ሻጯ፣ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ገባች። ቀጥ ብላ ሱማያ ጠረጴዛ ጋ ሄደች።

«ያንን ወረቀት አንብቢልኝ» አለቻት። «ያ ሰውዬ ፍየሏን እየተከተለ ያስጻፈውን።»

ሱማያ ወደ ሶማሊኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። ሰማያዊው ፌስታል ጋ ስትደርስ ሴቶቹ ምላሳቸውን ጠቅ ጠቅ አደረጉ። ሌሎች ሴቶችም ተጠጉ። ሁለተኛ አነበበች። ለሦስተኛው ጊዜ ስትጀምር ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር፤ ጋሽ ጀማሉዲንም የዘይቱን ሸሚዝ ረስተው መጨረሻው ረድፍ ላይ ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ በየመካከሉም «ሃያ አፍ ነው፣ ሃያ አምስት አይደለም» እያሉ ያርሟታል። ዳሚ ውስጥ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ፍየላቸውን አስረው የሚያውሉ ሴቶች አሉ። ሁሉም አይደሉም። ግን አሉ።

ዘንድሮ ተማሪዎቹ ሠላሳ አንድ ደርሰዋል። ሱማያ ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣው አዲሶቹን ለማስተማር ነው፤ እንዲያውም ከጋሽ ጀማሉዲን ትብሳለች፤ «ቀንስ!» ስትል ሰፈሩ ይሰማል። ሶንኮር አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሆናለች፣ ጀርባዋም ሞልቷል። ጋሽ ጀማሉዲን አሁንም ያላዩትን አይፈርሙም። ይሁንና ማለዳ ብረት ግቢውን ሳይከፍቱ በአራት አምስት በረት በኩል ስለሚዞሩ የሚያዩት በርክቷል፤ «ክብደቱን ብቻ» የሚለው ቃል ከገጾቹ ግማሽ ላይ ጠፍቷል።

ባለፈው ሐሙስ ሂዳያ የምትባል አዲስ ተማሪ ዶሮ ይዛ መጣች። ዶሮዋ ባልዲው ውስጥ ተጨምራ ስትንጠለጠል ክንፏን አራገፈች፤ መርፌው ከዜሮ እስከ አራት ይጨፍራል። ሂዳያ እስክሪብቶዋን ይዛ ተጨነቀች።

«አዴር፣ የቱን ልጻፍ?»

«ምንም አትጻፊ። እስክትረጋ እንጠብቃታለን።»

«ካልረጋችስ?»

«ትረጋለች። ሥራ አለብሽ?»

ሂዳያ የለብኝም አለች። እኔ በአጥሩ ላይ እጄን ጥዬ አያለሁ። ሠላሳ ልጆች፣ ስምንት ዘጠኝ ፍየሎች፣ ሲራድ፣ ሱማያ፣ ሁሉም ፀጥ አሉ። ጋሽ ጀማሉዲን መዳፋቸውን ባልዲው ላይ ሳያስነኩ፣ በስሱ፣ ከላይ ዘርግተው፣ ለዶሮዋ በአማርኛ፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ማንም አይቸኩልም» ይሏታል።